መቀመጥ የማይችሉ ታማሚዎች መቀመጥ አለመቻላቸውን በአካል ቀርበው ስለሚያስረዱበት ሁኔታ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ነጋሪቱ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ጋዜጣ ሆኗልና የሚጎሰም ነገር የለም፤ አንብብ።

መግቢያ

ሕመሙ ድንገተኛ ያልሆነ፣ ሐኪሙ ግን 400 ኪሎ ሜትር ርቆ የተገኘበት ዜጋ በየወረዳው ያለ በመሆኑ፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ የሚያዝ በመሆኑ፣ በአርቃቂው ዐይን በየጊዜው እየጨመረ ሲሄድ የታየው ግን የማኅተም ዓይነት በመሆኑ፤

በወሎ ታማሚን ማጓጓዝ ከጥንት ጀምሮ በቃሬዛና በቅሬ (በእድር) አባላት ትከሻ ሲፈጸም የኖረ፣ ለዚህም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደብዳቤ ሳይጠይቅ ሲወጣ የኖረ በመሆኑ፣ ይህን ልቅ አሠራር ፈር ማስያዝ በማስፈለጉ፤

የአዋጁ አርቃቂ አባት የሆኑ አንድ ታማሚ ባለፈው መጋቢት የአንድን ቢሮ 34 ደረጃ በቃሬዛ ወጥተው ያንኑ 34 ደረጃ ባዶ እጃቸውን በመውረዳቸው፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የራሳቸው ይምጡ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ ቁጥር የምትሰጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ናት።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1/ "ድንገተኛ ሕመም" ማለት አምቡላንሱ ነዳጅ ባለው ቀን የደረሰ ሕመም ነው። ለምሳሌ፣ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ ከማማ ላይ ወድቆ አከርካሪው የተጎዳ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ድንገተኛ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ነዳጅ የለም። ነዳጁ ሲመጣ ታማሚው መተኛቱን ለምዶታል፤ ስለዚህ ድንገተኛ አይደለም።

2/ "ታማሚ" ማለት ሪፈር የተጻፈለት፣ ቀጠሮ የተያዘለት፣ ቀጠሮው ካለፈው ወደ ተራው ጭራ የሚመለስ ሰው ነው።

3/ "አስታማሚ" ማለት ሥራውን የተወ፣ ፊልሙንና የምርመራ ውጤቱን በፌስታል ይዞ የሚዞር፣ በመስኮት በኩል "ነገ ና" የሚባል የታማሚ ልጅ፣ ሚስት ወይም ወንድም ነው።

4/ "ነገ" ማለት ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ስብሰባ ካለ ሐሙስ ነው።

5/ "ደብዳቤ" ማለት ራስጌው ላይ ቁጥርና ቀን፣ ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ያለበት ነው። ከነዚህ አንዱ የጎደለው ወረቀት ነው።

6/ "በአካል" የሚለው ቃል በአንቀጽ 5 በሰፊው ይታያል።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ የሚደውልለት ሰው በሌለው ታማሚ ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል።

4. ስለ አምቡላንስ

1/ ምጥ የያዛት እናት ትቀድማለች። (በዚህ ላይ አርቃቂው አይቀልድም። መኪናው ለየወረዳው ሲታደል የተባለው ማንም እናት በወሊድ ምክንያት እንዳትሞት ነው። አባቴም ቢጠየቅ "እሷን አስቀድሙ" ነው የሚለው።)

2/ ከእሷ ቀጥሎ የሚቀድመው የነዳጁንና የሹፌሩን አበል የሚችል ነው።

3/ የጤና መድን ደብተር ለካርድ፣ ለአልጋና ለመድኃኒት ያገለግላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ እኛም ወረዳ ከደረሰ ወዲህ ታማሚው መዋጮውን አንድም ዓመት አላጓደሉም። ይህ ያስመሰግናቸዋል። 400 ኪሎ ሜትሩ ግን መንገድ እንጂ ሕክምና አይደለም።

5. በአካል ስለመቅረብ

1/ ተኝቶ ካልሆነ መጓዝ የማይችል ታማሚ በአልጋ የሚሄድበት መኪና እንዲፈቀድለት "መቀመጥ አይችልም" የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል። ደብዳቤው የሚጻፈው ታማሚው በአካል ቀርቦ ሲታይ ብቻ ነው።

2/ የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ /1/ ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መቅረብ የማይችል ታማሚ መቅረብ አለመቻሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣ በአካል ከመቅረብ ነጻ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ ለመውሰድ በአካል ይቀርባል።

3/ በንዑስ አንቀጽ /2/ የተደነገገው ቢኖርም የሚከተሉት በአካል ከመቅረብ ነጻ ናቸው፦

ሀ) የኃላፊው ዘመድ፤ በባለቤታቸው በኩል ያለውንም ይጨምራል፤

ለ) የኃላፊውን ዘመድ የሚያውቅ፤ ትውውቁ ከሕመሙ በኋላ የተጀመረ ከሆነ ግን አይጠቅመውም፤

ሐ) ሊሞት የተቃረበና መቃረቡን በአካል ቀርቦ ያስረዳ፤

መ) የሞተ። ለሞተ ሰው መኪና በዚያው ዕለት ይገኛል። አዲስ አበባ በተከራየንበት ግቢ ለሕክምና መጥተው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ማለዳ አርፈው ከቀትር በፊት ወደ አገራቸው ተነሥተዋል። በአካል ይቅረቡ ያላቸው አልነበረም።

4/ ታማሚው ውክልና ሰጥቶ ሌላ ሰው በእሱ ፋንታ ሊቀርብ ይችላል። ውክልና ለመስጠት ወካዩ በአካል ይቀርባል።

5/ ታማሚው ካለበት ድረስ ሄዶ የሚያይ ኮሚቴ ሊቋቋም ይችላል። ኮሚቴው የሚሄደው በመኪና ነው። ቢሮው ያለው መኪና አምቡላንሱ ነው። አምቡላንሱ ያለ ደብዳቤ አይንቀሳቀስም፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ኮሚቴው ያየውን ይዞ ሲመለስ ነው።

6/ የታማሚውን ፎቶግራፍ በስልክ ማሳየት በአካል መቅረብን አይተካም። ፎቶግራፉን ያየችው ባለሙያ "ተኝቶማ እኔም ማታ ማታ እተኛለሁ" ብላለች፤ ይህም የሕጉ ትክክለኛ ትርጉም ሆኖ ተወስዷል።

7/ ቪዲዮም አይተካም። በቪዲዮው ላይ ታማሚው ሲገላበጥ የሚያሰማው ድምፅ ሥራ ስለሚያውክ ይቀነስ ተብሏል።

8/ የሐኪም ሪፈርም አይተካም። ሪፈሩ "ተኝተው ይጓዙ" ይላል። ለማን እንደሚል ግን አይታወቅም፤ በሪፈሩ ላይ ስማቸው በሃሌታው ሀ፣ በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ በሐመሩ ሐ ተጽፏልና። ይህች ፊደል እንድትስተካከል ባለስሙ በአካል ይቀርባል።

9/ በአካል የሚቀረብበት ቢሮ ፎቅ ላይ ይሆናል። ደረጃው መሀል ላይ ይታጠፋል፤ ቃሬዛ አይታጠፍም። ስለዚህ እመታጠፊያው ሲደረስ የቅሬው ሰዎች ቃሬዛውን በራስጌው በኩል ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፤ ታማሚው እንዳይንሸራተት ደረቱና ጭኑ ላይ በነጠላ ይታሰራል። የሽንት ከረጢቱን የሚይዝ ሰው ከረጢቱን ከታማሚው ፊኛ በላይ አያነሣም፤ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳልና። እኛ ዘንድ የያዘው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የመጣ። በግፊያው መሀል እንዳይረገጥበት ብሎ እንደ ባንዲራ ከፍ አደረገው። ጮህኩበት። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አባዬ ከ5 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ፤ ቃሬዛ ላይ ታስሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ በሰንጠረዡ "ደብዳቤ መጻፍ፦ 20 ደቂቃ" ይላል። አባዬ ማንበብ አይችልም። ሰዎቹ ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ግንባሩን እዚያ ላይ አሳርፎ ጠበቀ።

10/ በአካል የቀረበ ታማሚ "እንዴት ዋሉ አባባ?" ሲባል "ደህና፣ ይመስገን" ብሎ መመለስ የለበትም። በዚህ አገር ነፍሱ አንገቱ ላይ የደረሰች ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ይመስገን ማለቱ የታወቀ ቢሆንም፣ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል ቃሉ የሕክምና ማስረጃ ተደርጎ ይያዛል። በመዝገቡም ላይ "ታማሚው በአካል ቀርበው ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል" ተብሎ ይጻፋል። ተጽፏል።

11/ በአካል የቀረበ ታማሚ መምጣት መቻሉን በተግባር ስላሳየ ደብዳቤ አይጻፍለትም። "እዚህ ድረስ ከመጡማ አዲስ አበባ ምን አላት!" የሚለው የባለሙያዋ ቃል ይህን ንዑስ አንቀጽ ያብራራል። በአካል ያልቀረበ ታማሚም ስላልቀረበ አይጻፍለትም።

12/ ይህ ንዑስ አንቀጽ አዋጅ አይደለም።

እህቴ፣ መመሪያውን አንቺ እንዳላወጣሽው አውቃለሁ። በታማሚ ስም ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሰርግ በልቶ የተመለሰ አለ፤ አምቡላንስ ሽንኩርት ጭኖ ሲገባም በዐይናችን አይተናል። አንድ ኃላፊ ተናደደ፣ ቁጭ አለና "ታማሚው በአካል ይቅረብ" ብሎ ጻፈ። ለሌባ የተቆለፈው በር አባቴ ላይ ተዘጋ። ይሄ ይገባኛል፤ እኔ ብሆንም ያንኑ እጽፍ ይሆናል። የማይገባኝ ሌላ ነው። አባዬ በርሽ ላይ ተኝቶ ነበር። ከወንበርሽ እስከ በሩ 6 እርምጃ አይሞላም። ብድግ ብለሽ ጋቢውን ገለጥ አድርገሽ ብታዪው፣ ወገቡ ላይ የወጣውን የአልጋ ቁስል ብታዪው፣ ከዚያ "አልጽፍም" ብትዪኝ እንኳ ዝም ብዬ እወርድ ነበር። አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ በኮምፒዩተሩ ጎን አየሽው። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ ክዳኑን ገጠምሽበት። አራት ሰው ከታች ተሸክሞት መጥቶ እዚያ ክፍል ውስጥ በአካል ያልቀረብሽው አንቺ ነበርሽ።

13/ በንዑስ አንቀጽ /12/ የተነገረው እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ወደ አዋጁ እንመለሳለን።

6. ስለ ኦክስጅን

ይኖራል።

7. ስለ አጃቢ ነርስ

በአንቀጽ 6 መሠረት ይፈጸማል።

8. ስለ አማራጭ ማጓጓዣ

1/ ደብዳቤ ያላገኘ ታማሚ በአውቶቡስ ሊሄድ ይችላል። የመጨረሻውን ረድፍ ወንበር በሙሉ ገዝቶ ይተኛል፤ ረዳቱ ግን ታማሚውን ሲያይ ገንዘቡን ይመልሳል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላንም ሊሄድ ይችላል፤ ሲነሣና ሲያርፍ ወንበሩን ቀጥ አድርጎ እንዲቀመጥ ይጠየቃል። መቀመጥ ቢችልማ ይህ አዋጅ ለምን ይወጣ ነበር?

2/ ስለዚህ ሚኒባስ በ24 ሺህ ብር ኮንትራት ይያዛል። የመሀል ወንበሮች ተፈተው ይወጡና ፍራሽ ይነጠፋል። የሕመም ማስታገሻው ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይሰጣል። ታማሚው ከአልጋ ወደ ፍራሽ ሲዛወር በብብቱ አይነሣም፤ አንገቱ፣ ጀርባውና ዳሌው እኩል እንዲዞሩ እንደ ግንድ ይንከባለላል፤ አንዱ ራሱን ይይዛል፣ የሚቆጥረውም እሱ ነው። ይህን ያስተማረችን ጡረታ የወጣች የሰፈራችን ነርስ ናት። ከቢሮው ያገኘነው ምክር "ቀስ በሉ" የሚል ነበር።

3/ ቁስሉ እንዳይሰፋ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየርለታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ከሚሴ ላይ ወደ ግራ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ ቀኝ አዞርነው። ሸዋ ሮቢት ላይ "ጋቢውን አንሡልኝ፣ ታፈንኩ" ያለ ሰው፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ሹፌሩ ሳንጠይቀው የራሱን ካፖርት ወደ ኋላ ወረወረልን። ማታ 1 ሰዓት አዲስ አበባ ገባን።

4/ ኬላ ላይ "ሁሉም ይውረድ" ይባላል። ወረድን። አንድ ወጣት ፈታሽ "ፍራሹ ላይ ያለውስ?" አለ። አይችልም አልኩት፤ እንደ ልማዴ ፌስታሉን መፍታት ጀመርኩ። ፌስታሉን አላየውም። አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጋቢውን ገለጠ፣ አየ፣ መልሶ አለበሰው። "ይማርዎት አባቴ" አለና በሩን ራሱ ቀስ አድርጎ ዘጋው። አባዬ ምን ብሎ እንደመለሰለት ለመገመት አይከብድም። ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

9. ስለ መልስ ጉዞ

አምቡላንስ ያደርሳል እንጂ አይመልስም። ከአዲስ አበባ ባዶውን የሚመለስ አምቡላንስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ይቆማል። ቆሞ አይተነዋል፤ የኋላ በሩ ክፍት ነበር፤ አልጋው ላይ የሹፌሩ ጃኬት ተዘርግቶ ተኝቷል። ጃኬቱ ደብዳቤውን ያስጻፈው በአካል ቀርቦ ይሁን በውክልና አልጠየቅንም።

10. ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ታማሚ እንደገና እንዲመጣ ይደረጋል።

11. የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎችና ልማዶች

ጋቢ ገልጦ ማየት ተሽሯል።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ካለፈው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከቢሮው ተደውሏል። ኃላፊው ከስብሰባ ተመልሰዋል፤ ጉዳዩ በልዩ ሁኔታ ታይቷል፤ ደብዳቤው ተጽፏል፣ ቁጥርም ቲተርም ክብ ማኅተምም አለው። ታማሚው እስከ ሰኞ በአካል ቀርበው፣ ፈርመው ይረከቡ።

እኛ አዲስ አበባ ነን፤ ለቀዶ ሕክምናው ገና 11 ቀን ይቀራል። "እሺ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

"ማን ነው?" አለ አባዬ ከአልጋው ላይ።

"ቢሮ ነው።"

"ምን አሉ?"

"ደብዳቤው ተጽፏል፣ ራሳቸው ይምጡ አሉ።"

ጣሪያውን እያየ ቆየ። ከዚያ ክንዱን ቁልቁል ሰድዶ ከአልጋው ሥር መዳበስ ጀመረ።

"ምን ፈለግህ አባዬ?"

"ጫማዬን።"